ሁሉም ገብቶ እኔ የቀረሁበት ቡድን

ለክቡር አቶ ሰራዊት
የ«መንደራችን» የቴሌግራም ማኅበር ዋና አስተዳዳሪ፣ የንዑስ ቡድኖች አደራጅና ደንብ አውጪ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ከፍተኛ ጥንቃቄ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ስልክዎ ባትሪ አይጣ፣ ኔትወርክዎም አይቆራረጥ። በተለይ ያቺን የቀኝ እጅዎን አውራ ጣት ፈጣሪ ከሕመም ይጠብቅልን፤ ብዙ የምትሰርዝ ጣት ናትና ለማኅበራችን የምታበረክተውን ማንም አይስተውም። እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላልና እኔም ብያለሁ።

ይህን ጽሑፍ ሁሉም ሰው እንዲያነበው በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በደንቡ መሠረት በተገቢው ቡድን ልለጥፈው ብዙ ደክሜ ነበር። ሐዘን ስላለበት ወደ «ሐዘንና ደስታ» ልወስደው አሰብኩ፤ እዚያ ግን ቅሬታ ማቅረብ ክልክል ነው። ቅሬታ ስለሆነ ወደ «አስተያየት መስጫ» ልውሰደው ብል እዚያ ደግሞ ከጥቂት መስመር በላይ መጻፍ አይቻልም። ስለ ረጅም ጊዜ ወዳጄ ስለ ብኸይታ የሚያወራ ስለሆነ ለ«ትዝታ» ይስማማ ነበር፤ ሆኖም «ትዝታ» ፎቶ የሌለበትን ጽሑፍ አይቀበልም፣ እሷ ደግሞ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ከየበሩ ተመልሼ ሲያቅተኝ ውጭ ሜዳው ላይ ሆኜ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግር እንዳይለው ጥቂት ላስረዳ። መንደራችን የምንለው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለውን የሰፈራ መንደር ነው። እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነን መጥተን ቀርከሃ ጥሻ ውስጥ የወረድን ሰዎች ነን፤ በርታዎቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ድሮም እዚያው የነበሩና ውኃው የት እንዳለ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ ያሳዩን ናቸው። ልጆቻችን አድገው ተበታተኑ። ከፊሉ አሶሳ ከተማ ገባ፣ ከፊሉ ባምባሲ፣ ከፊሉ ወንበራ ወረዳ ደብረ ዘይት ተመድቦ ሄደ፣ ከፊሉ ኩርሙክ ላይ ሱቅ ከፈተ። እኔም ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትኩ በኋላ አሶሳ ልጄ አይናለም ቤት ገባሁ። ይህን ሁሉ የተበታተነ ሰው መልሶ የሰበሰበው «መንደራችን» የተባለው የቴሌግራም ቡድን ነበር።

ያኔ ቡድኑ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥርዓት የሚባል ነገር አልዞረበትም። አንዱ ጥሩ የሰሊጥ ዘር የት እንደሚገኝ ይጠይቃል፤ ሌላው መልሱን ሳይጠብቅ እናቱን ወባ እንደያዛት ይናገራል፤ በመሐል አንዷ የልጇን የምረቃ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ከኩርሙክ ደግሞ መንገዱ በዝናብ ተቆርጧልና ማንም እንዳይመጣ የሚል ድምፅ ይደርሳል። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነበር፤ አልክድም። የሰሊጥ ዘር ፍለጋ የገባ ሰው የእገሌን እናት መታመም ሰምቶ ይወጣል፤ ወጥቶም ሊጠይቃት ይሄዳል። እኛ ይህን ያህል ኋላ ቀር ነበርን።

እርስዎ የዕቅድ ባለሙያ ነዎትና ይህ ዝብርቅርቅ እንቅልፍ ቢነሣዎት አይፈረድብዎትም። ባለፈው ዓመት አስተዳዳሪነቱን በተረከቡ ሰሞን ማኅበሩን በንዑስ ቡድኖች አደራጅተው፣ ለእያንዳንዱም ደንብ አውጥተው፣ ከዚያ ኋላ ቀርነት አወጡን። ለዚህ ውለታዎ በዝርዝር ማመስገን ስላለብኝ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

፩ኛ. ስለ ቡድኖቹ ብዛት አመሰግናለሁ። ዛሬ «ዋናው»፣ «ጤና»፣ «ገበያና ዋጋ»፣ «መንገድና ትራንስፖርት»፣ «ሐዘንና ደስታ»፣ «እናቶች»፣ «ወጣቶች»፣ «ትዝታ»፣ «አስተያየት መስጫ»፣ ሌሎችም ስማቸው የጠፋኝ አሉን። የዚህን አደረጃጀት ጥቅም ከማንም በላይ የሚመሰክረው አቶ ጌትነት ነው። አህያ የጠፋችበት ጊዜ «ገበያና ዋጋ» ላይ አፋልጉኝ ብሎ ጻፈ፤ የሚሸጥ ነገር ስላልሆነ ተሰረዘበት። «መንገድና ትራንስፖርት» ላይ ጻፈ፤ ቡድኑ ስለ ተሽከርካሪዎች ብቻ መሆኑ ተነግሮት ተሰረዘበት። በመጨረሻ ወደ «ሐዘንና ደስታ» ቢሄድ የአህያዋ መሞት እስኪረጋገጥ ድረስ እንዲታገሥ በአክብሮት ተጠየቀ። አህያዋ ግን ማንም ሳይፈልጋት በእግሯ ተመልሳ መጣች። የአንዱም ቡድን አባል ባለመሆኗ ይመስለኛል መንገዱ ያልጠፋት።

፪ኛ. እኔን በሁሉም ቡድን ውስጥ ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ። አስተማሪ ስለነበርኩና ሰው ስለሚያውቀኝ በየቡድኑ ብኖር እንደሚጠቅም ነግረውኝ ነበር፤ ኮርቼም ነበር። ገብቼ ሳየው ግን በሁሉም ቤት የማገኘው ያንኑ ሰው ነው። «እናቶች» ላይ እንደምን አደርሽ ያልኳትን ጎረቤቴን እታለምን «ጤና» ላይ እንደገና እንደምን አደርሽ እላታለሁ፤ «ገበያና ዋጋ» ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ደክሞን ዝም እንባባላለን። ሰው አልጨመርንም፤ ያለነው ሰዎች ነን እየተደጋገምን የበዛነው። ከዚህም የተነሣ አንድ አዲስ ልማድ አፈራን። አንድ ነገር ሲሰማ ሁሉም በሌላኛው ቡድን ተነግሯል ብሎ ያስባል፤ ሌላው ይነግራታል፣ ሌላው ይሄዳል፣ ሌላው ይደውላል ይላል። ያን «ሌላው» የተባለውን ትጉህ ሰው እስካሁን በአካል አላገኘሁትም፤ ባገኘው ግን ብዙ የምጠይቀው ነገር አለኝ።

፫ኛ. የድምፅ መልእክት ስለከለከሉ አመሰግናለሁ። ደንቡ እንደሚለው ድምፅ ቦታ ይይዛል፣ ዳታ ይበላል፣ ለፍለጋም አያመችም። እውነት ነው። ብኸይታ ግን መጻፍ አትችልም ነበር።

ስለ ብኸይታ እዚህ ላይ ማለት ያለብኝ አለ፤ ከፈለጉ ወደ «ትዝታ» ያዛውሩት። ወደዚያ አገር ስመጣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ እርጉዝ ነበርኩ። አይናለምን በተገላገልኩ በሁለተኛው ወር ወባ ጣለኝ፤ ጡቴም ደረቀ። አብሮን የመጣው ሰው ሁሉ ራሱ በሽተኛ ነበር። ያኔ ብኸይታ የራሷን ሕፃን በአንድ ጎኗ፣ የእኔን በሌላ ጎኗ ይዛ አጠባች። ቋንቋዬን አታውቅም፤ ቋንቋዋን አላውቅም። ልጄን ከእጄ ስትወስድ ፈርቼ እንደነበር፣ አጥግባ ስትመልስልኝ ደግሞ እንዳለቀስኩ አስታውሳለሁ። በእነሱ ሃይማኖት አይናለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ ናት፤ በእኔም ልብ እንዲሁ። ኋላ ላይ አማርኛ በመጠኑ ለመደች፤ እኔን ዕድሜ ልኳን አንተ እያለች ነው የጠራችኝ። ስንት ተማሪ ያረምኩ ሰው እሷን አንድ ቀን አላረምኳትም፤ እንዲያ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡድኑ አንድ በነበረበት ጊዜ በየማለዳው ድምፅዋ ይመጣ ነበር። «የወርቅውሃ፣ አንተ ደህና ነህ? እኔ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እግር ብቻ እምቢ አለ። ባሚያው ደርሷል፣ መቼ ትመጣለህ?» ይህን የምትለኝ መንደሩ ሁሉ እየሰማ ነው። ለእኔ ብቻ ለይታ መላክ ልጇ ሀዲል ብታሳያትም አልሆነላትም፤ የምታውቀው ያችኑ አንድ ቦታ መጫን ነበር። ሰዉም ለመደውና የእሷን ሰላምታ ሰምቶ ነበር ቀኑን የሚጀምረው። ደንቡ ሲወጣ ድምፅዋ ቀረ።

በሞተችበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ ግን፣ ደንቡን ረስታ ይሁን ጨንቋት አላውቅም፣ «ዋናው» ላይ ድምፅ ላከች። እኔ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከቅዳሴ ስወጣ በደንቡ መሠረት ተሰርዟል። ሕብረት የምትባለው የጎረቤት ልጅ ቀድማ ሰምታው ነበርና ብጠይቃት፣ ብኸይታ ስሜን ከጠራች በኋላ የቀረውን ሁሉ በራሷ ቋንቋ እንደተናገረችው፣ ለእሷም እንዳልገባት ነገረችኝ። እርስዎን ስጠይቅ የተሰረዘ ነገር እንደማይመለስ በትሕትና አስረዱኝ። ለብኸይታ ብደውልላት ድምፅዋ ደክሟል፤ ምን ብለሽ ነበር ስላት «ምንም አይደለም፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ» አለችኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። ቅዳሜ ሳይደርስ ሞተች።

፬ኛ. አሁን ይህን ሁሉ ምስጋና ወደቀሰቀሰብኝ ጉዳይ ደርሻለሁ።

በእኛ በሰፋሪዎቹ ወግ የሞት ወሬ ለቅርብ ሰው በስልክ አይነገርም። መርዶ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ማለዳ ይነገራል። በእነ ብኸይታ ዘንድ ደግሞ ሬሳ አይቆይም፤ ንጋት ላይ ያረፈ ሰው ቢዘገይ ቢዘገይ ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል። እነዚህ ሁለት ወጎች አንድ መንደር ውስጥ ሲኖሩ ሊጋጩ እንደሚችሉ ሽማግሌዎቻችን ቀድመው አውቀዋል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲሞት በእኛ ወግ መርዶ እንዲነገር፣ የእነሱ ሰው ሲሞት ግን ማንም ለማንም እንዳይደብቅ፣ ወሬውን የሰማ ወዲያው ሮጦ እንዲናገር ተስማምተው ነበር። የብኸይታ ባል ዓብዱልላጢፍ ሲሞት ሀዲል አባቴ ሞተ፣ ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው ብላ በዚያ ባልተደራጀው ቡድን በድምፅዋ ተናገረች፤ አሶሳ ያለው ሁሉ ባጃጁንም ሚኒባሱንም ይዞ በሰዓቱ ደረሰ። ያን ቀን ከለቅሶው መልስ ብኸይታና እኔ ተነጋገርን። ሴት ወደ መቃብሩ አትሄድምና፣ ከሁለታችን ቀድማ የምትሞተዋን የቀረችው ፊቷ ሳይሸፈን አይታ፣ ከቤቷ ስትወጣ ቆማ ልትሸኛት ቃል ተገባባን። እሷ ቀልዳ፣ «አንተ ቀድመህ ብትሞት እኔ እግር የለኝም፣ ተሸክመው ያምጡኝ» አለች።

ብኸይታ ኅዳር ውስጥ፣ በዕለተ ሐሙስ ንጋት ላይ አረፈች። ሀዲል እንደ ድሮው በድምፅዋ «ዋናው» ላይ ተናገረች። እርስዎ ሲያዩት ሁለት ጥፋት አገኙበት፤ ድምፅ ነው፣ ደግሞም ለቅሶ በ«ዋናው» አይለጠፍም። እኔ ሳልሰማው ሰረዙት። እስከዚህ ድረስ ደንብ ማስከበርዎ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ለእርስዎም ለአባላቱም ትዝ አልኳችሁ። ልባችሁ ራራልኝ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ታውቃላችሁ፣ ብኸይታ ለእኔ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ በስልክ እንዳላይ፣ በወጉ እንድረዳ አሰባችሁ። ሀዲል ልትደውልልኝ ስትል እንኳን እኛ እንነግራታለን፣ አንቺ ተይው ብላችሁ ከለከላችኋት። እሷም በእናቷ ሬሳ አጠገብ ሆና ማመን እንጂ ሌላ ምን አቅም ነበራት?

ችግሩ የምትመክሩበት ቦታ መጥፋቱ ነበር። በ«ሐዘንና ደስታ» እንዳትነጋገሩ እኔ አለሁበት። በ«እናቶች» አለሁበት። በ«ጤና» አለሁበት። በሁሉም ቤት አስገብታችሁኝ ስለነበር ከእኔ የምትደበቁበት ጓዳ አልነበራችሁም። ስለዚህ አዲስ ቡድን ከፈታችሁ። ስሙንም «የመርዶ ዝግጅት፦ መምህርት የወርቅውሃ» አላችሁት። ይህን ያወቅሁት በሌላ መንገድ አይደለም፤ ለቅሶው ላይ እርስዎ ራስዎ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ለእኔ ሲባል ልዩ ቡድን እንደተከፈተና አንድም ሰው እንዳልቀረ ሊያጽናኑኝ ብለው ነገሩኝ። እውነትዎን ነው ክቡር ሆይ፤ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልቀረም።

በዚያ ቡድን የተደረገውን ውይይት ከዚያ ወዲህ ከየሰዉ ሰምቻለሁ፤ በእውነቱ እንዲህ ያለ ምክክር ለሚኒስትርም አይደረግ። ማን ቢነግራት ይሻላል ተባለ። ቁርስ በልታ እንደሆነ ይጣራ ተባለ። ጉዳዩ ደም ግፊትን ስለሚነካ «ጤና» ሊያውቀው አይገባም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። አቶ ጌትነት መርዶ ማለዳ እንደሚነገር አስታወሰ፤ ሌሎችም ደገፉት። እርስዎም ፍትሐዊ ሰው ነዎትና ጉዳዩን ለምርጫ አቀረቡት፤ ዛሬ ይነገራት ወይስ ነገ ማለዳ በወጉ? ነገ ማለዳ በከፍተኛ ድጋፍ አለፈ። ያን ጊዜ ኩርሙክ ያለው የብኸይታ ወንድም ሐመድ ኔትወርኩ መጣለትና በድምፅ፣ «ቀብር ዛሬ ነው። የወርቅውሃ ዛሬ ይምጣ። ነገ መጥቶ ምን ያደርጋል?» አለ። ድምፅ ስለሆነ ተሰረዘ። ይህንንም የነገረኝ ሐመድ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ አልተቆጣም፣ እጄን ይዞ መሬት መሬት ብቻ ነበር የሚያየው።

እናንተ ድምፅ ስትሰጡ እኔ ምን አደርግ እንደነበር ላስታውሳችሁ፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። ቅዳሜ ልሄድ ነውና ከኩርሙክ የሚመጣውን፣ እንደ ሻይ የሚፈላውን ቀይ ከርከዴ ልገዛላት ፈልጌ፣ «ገበያና ዋጋ» ላይ ለብኸይታ የሚሆን ጥሩ ከርከዴ ማን ጋ አለ ብዬ ጻፍኩ። እሷ ገና ከቤት አልወጣችም ነበር። ብነሣ እደርስ ነበር። መንደራችን ከአሶሳ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ብዙው ሰው ጽሑፌን አይቶ አለፈው። አንዱ ዋጋ ነገረኝ። እታለም ደግሞ የልብ ምልክት አድርጋልኝ፣ ነገ ማለዳ ልመጣ ነው፣ ቤት ትኖሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከመጣች ቆይታ ነበርና ደስ አለኝ። ቤቴን ጠረግሁ፣ ዳቦ ጋገርኩ።

ሀዲል እንደነገረችኝ ወንዶቹ ቃሬዛውን ሊያነሡ ሲሉ ጥቂት ቆዩልኝ፣ አክስቴ ትመጣለች ብላ ለምናቸው ነበር። ቆዩላት። መንገዱ ላይ ወጥታ የሚመጣውን ባጃጅ ሁሉ አየች። ሌላ ሰው ሲወርድ፣ ሌላ ሰው ሲወርድ፣ ጀናዛ ማዘግየት ደግ አይደለም ተብሎ ተነሡ። እናቷን ከቤት የሸኘቻት ብቻዋን ነው። የእናቷን ፊት እኔ ሳላይ የተሸፈነው፣ እኔ ከርከዴ ተወደደ እያልኩ በምከራከርበት ሰዓት ነው።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ዳቦውን ይዤ ወጣሁ። እታለምን ከፊት አየኋት፤ ከኋላዋ ሌሎቹን፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወጣች ወይ? ማንም አልመለሰልኝም። ያን ዝምታ በየትኛው ቡድን እንደምትመድቡት ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በእናንተ ላይ መቆጣት ቢቻለኝ እንዴት ባረፍኩ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም በመሐላችሁ። ሁላችሁም አዘናችሁልኝ፣ ሁላችሁም ተጠነቀቃችሁልኝ፣ እታለም ከመርዶው በኋላ ፊቴን የምታጠብበትን ውኃ እንኳን ለብ አድርጋ ነበር የያዘችው። ልቤን የሰበረው ይኸው ነው። በደግነት ስለተደረገብኝ የምረግመው ሰው አጣሁ። ሀዲል ግን ለምን ቀረሽ ብላ ስትጠይቀኝ ቡድን ተከፍቶ ነበር ብዬ ላስረዳት አልቻልኩም። ብነግራትም አይገባትም። እኔም እየነገርኳት ለራሴ አልገባኝም።

፭ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ሰለቸኝ። ባለፈው ሳምንት ለረጅም ጊዜ ተሳትፎ ያላደረጉ አባላት ተብለው ከማኅበሩ የተሰናበቱትን ሰዎች ስም «ዋናው» ላይ አውጥተው ነበር። ሦስተኛዋ ብኸይታ ናት። መጀመሪያ ያልተሳተፈችው ድምፅዋ ስለተከለከለ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ስለሞተች ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ደንቡ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስተናግደው ባላውቅም፣ ቅሬታ ካላት በተሰጠው ቀነ ገደብ ማቅረብ እንደምትችል መግለጽዎ ግን ከትልቅ ሰው የሚጠበቅ ነው።

ቡድኖቹን ይዝጉ አልልም። የተመሠረተ ነገር ማፍረስ ከባድ ነው፤ የዓመቱ ዕቅድዎም ይበላሻል። ካሣም አልጠይቅም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እሱም ለእርስዎ ሳይሆን ይህን ለሚያነበው ለመንደራችን ሰው ሁሉ ነው። ብኸይታ ለመጨረሻ ጊዜ ስሜን ጠርታ የተናገረችበት ድምፅ ከመሰረዙ በፊት ስልኩ ላይ የቀረለት ሰው ካለ፣ በእግዚአብሔር፣ በአላህ፣ ይላክልኝ። ሀዲል ትተረጉምልኛለች። የፈለጋችሁበት ቡድን ላይ ጣሉት፤ እኔ በሁሉም አለሁ።

ስለ ጥንቃቄዎ፣ ስለ ደንብዎ፣ ስለ ምርጫ አስፈጻሚነትዎ እስከ ምድር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወደፊትም በላቀ አደረጃጀት እንዲበታትኑን እየተመኘሁ፣ ትሑት የማኅበርዎ አባል ሆኜ እሰናበታለሁ።

የወርቅውሃ
የበፊቷ አስተማሪ፣ የብኸይታ ጓደኛ
አሶሳ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለ«ጤና»፣ አሞኛልና
ለ«ገበያና ዋጋ»፣ ከርከዴው አሁንም ቤቴ አለ፤ የሚፈልግ ይውሰደው
ለ«ሐዘንና ደስታ»፣ ደስታውን ለሌሎች እንዲያካፍሉልኝ

ከፊርማው በታች፦ ሰራዊት ልጄ፣ እስከዚህ ድረስ አንቱ ያልኩህ ሥልጣንህን አክብሬ ነው። ይህችን ግን ለተማሪዬ ነው የምጽፋት። እናትህ አሁንም መንደር ናት። ለብኸይታ ዱዓ የሄድኩ ቀን ገብቼ አይቻታለሁ፤ ሳሉ አልለቀቃትም። ስለ አንተ ስትጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ዕድሜዋን ያርዝመው። የማይቀረው ቀን ሲመጣ ግን፣ እኔ በሕይወት ካለሁ፣ ማንንም አላማክርም፣ ማለዳ እስኪሆንም አልጠብቅም። ስብሰባ ላይም ብትሆን በሩን ከፍቼ ገብቼ በሰው ፊት እነግርሃለሁ። ያን ጊዜ ጨካኝ ትለኝ ይሆናል። ፊቷ ሳይሸፈን ግን ትደርሳለህ።